ለአዳር ከሆነ በኋላ ና

አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ጠፍቶ አያውቅም። ለስብሰባ ለመጣ አለ። ለንግድ ለመጣ አለ። ወዳጁን ይዞ ለአንድ ሰዓት ጎራ ለሚለው፣ ለእሱማ በየቅያሱ አለ። የጠፋው አንድ ዓይነት አልጋ ብቻ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የአገሩን ዋና ከተማ ሊያሳያቸው ሲመጣ፣ ሦስት አራት ሌሊት በሰላም የሚተኛበት አልጋ። «አሁን ይኼም ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይጻፍበታል።

መርካቶን እንውሰድ። ጣሊያን በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ካመጣው ጊዜ ጀምሮ ይህ ሰፈር የኖረው ከእንግዳ ጋር ነው። አውቶቡስ ተራ ከጎኑ ነው። የሰፈሮቹን ስም እስቲ ልብ በሉ፤ ጎጃም በረንዳ፣ እህል በረንዳ። ጭነቱን ይዞ ከየአገሩ የመጣውን ሰው ያስታውሳሉ። ሚሊተሪ ተራ የሚባል እንኳ አለ። ታዲያ መርካቶ ለመጪው ሁሉ በረንዳ ሰጠው እንጂ ቤተሰብ የሚያድርበት ክፍል እስከ ዛሬ አልሰጠውም።

ለምን? አልጋ ቤቶቹ ከመጀመሪያውም የታሰቡት ብቻውን ለሚመጣ ወንድ ነዋ! ለነጋዴው፣ ለሾፌሩ፣ ለረዳቱ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ በጋራ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት፣ ከሥር ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ የሚያስጮህ ቡና ቤት። የአልጋ ቤት ባለቤቶች ክፉዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ሂሳባቸውን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍል ለቤተሰብ ከተከራየ በሃያ አራት ሰዓት የሚከፈልበት አንዴ ነው። በ«ሾርት» ከሆነ ግን ቀኑን ሦስት አራት ጊዜ ይከራይና ሲመሽ ደግሞ ለአዳር ይሰጣል። ልጆች የያዙ ባልና ሚስት በጠዋት ገብተው ሻንጣቸውን አስቀመጡ ማለት የቀኑ ገቢ ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ለአልጋ ቤት ኪሳራ ነው። ይህን «የግል ባለሀብቱ ይሥራው» ለሚሉኝ ወገኖች አስቀድሜ መናገሬ ነው። የግል ባለሀብቱ ሂሳቡን ሠርቶ ጨርሷል፤ መልሱንም እያየነው ነው።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከጅማ መጣ። ወታደር ነው፤ አሥር አለቃ። ፈቃድ ወጥቶ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ነበር። ትልቁ ልጅ የዓድዋ ድል መታሰቢያን በቴሌቪዥን አይቶ «ካላየሁት» ብሎ አላስቀምጥ ብሏል። ትንሿ የምትፈልገው የአንድነት ፓርክን አንበሳ ነው። እኔ ቤት እንዲያርፉ ብለምነው «ጋሼ፣ በአንድ መኝታ ቤት አምስት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት። እኛ አምስት ስንጨመር አሥር መሆናችን'ኮ ነው። አልጋ ይዘን በቀን እንመጣለን» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ አብረን ዞርን። የመጀመሪያው ቤት፦

«አልጋ አለ?»

«ለስንት ሰው?»

«እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች።»

«ለሁለት ሰው ነው የምንሰጠው። ለልጆቹ ሌላ ክፍል ያዙላቸው።»

ትንሿ ልጅ ገና አራት ዓመቷ ነው። ሁለተኛው ቤት ልጆቹን ከላይ እስከ ታች አየና «ፍራሽ ያበላሻሉ» አለን። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አልጋ ሰጪው ልጅ ቀና ብሎም ሳያየን «ለአዳር ከሆነ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ና» አለ። ትልቁ ልጅ ሰምቶ «አባዬ፣ ክፍሎቹ ባዶ አይደሉም እንዴ? ለምንድን ነው አሁን የማይሰጡን?» ብሎ ጠየቀ። አባትዬው ትንሽ ዝም አለና «እያጸዱት ነው» አለው። ምን ይበለው?

በመጨረሻ አንዱ ቤት ሁለት ክፍል ተከራዩ። አባት ከወንዶቹ ልጆች ጋር፣ እናት ከትንሿ ጋር አደሩ። ለአራት ሌሊት የተያዘው ገንዘብ በሁለት ሌሊት አለቀ። አንበሳው ታየ፤ ዓድዋ ግን «ለሚቀጥለው» ተባለ። የወታደር «የሚቀጥለው» መቼ እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

እዚህ ላይ «ዘመድ እያለ አልጋ ምን ያደርግለታል? እንግዳ መቀበል'ኮ ባህላችን ነው» የሚል ይነሳል። ባህሉን አልነቅፍም፤ እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። ነገር ግን የዘመድ ቤት ወለል ከተማዋን ከስንት ጥያቄ እንዳዳናት እናስተውል። ድሮ ግቢ ነበር፣ ማድ ቤት ነበር፣ ሳሎን ላይ ፍራሽ ይዘረጋ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ብዙው ነዋሪ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ገብቷል። ፍራሹ የት ይዘርጋ? ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው ከተማ አያይም፤ የሚያየው ዘመድ ነው። «ዛሬማ ምሳ ሳትበሉ አትወጡም» ይባላል። ሦስተኛው ቡና እስኪፈላ ሙዚየሙ ይዘጋል። ሚስትየው ለእረፍት መጥታ የሰው ዕቃ ስታጥብ ትሰነብታለች።

ሌላው ደግሞ «ወታደር ካምፕ አለው አይደል?» ይላል። ካምፕ የሥራ ቦታ ነው። ሰው ልጆቹን ለሽርሽር ወደ ሥራ ቦታው አይወስድም።

ሦስተኛው ሰው ከሁሉም ይብሳል። «ለደሃ ሽርሽር ምን ይሠራለታል? ቅንጦት ነው» ይላል። እንግዲያው የምንሠራው ሁሉ ለማን ነው? አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ። የሳይንስ ሙዚየም በ2015 ተመረቀ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ ተመረቀ። እሰየው! ግን ታሪክህ ነው፣ ኩራትህ ነው የምንለው ልጅ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከጅግጅጋ መጥቶ የሚያድርበት ከሌለ፣ የታየው ሁሉ ለአዲስ አበቤና በአውሮፕላን ለሚመጣው እንግዳ ብቻ ነው ማለት ነው። መታሰቢያው የሚዘክራቸው ዘማቾች ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግራቸው የመጡ ነበሩ። የዛሬው ዘማች ልጁን በአውቶቡስ ይዞ መጥቶ ሊያሳየው ሲል ግን «በኋላ ና» ይባላል።

አልጋን በተመለከተ አገራችን የምትቆጥረው ከላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለአዲስ አበባ ሆቴሎች የኮከብ ደረጃ ሰጠ። አምስት ኮከብ፣ አራት ኮከብ፣ ሦስት ኮከብ እየተባለ ተነገረ። መልካም ሥራ ነበር። ከኮከቦቹ በታች፣ ጨለማው ውስጥ፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያድርበትን አልጋ ማን ቆጠረው? አንሶላው ንጹሕ መሆኑን፣ ትኋን አለመኖሩን፣ እሳት ቢነሳ ልጆች የሚወጡበት ሁለተኛ በር መኖሩን ማን አየ? በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል አይተናል። መርካቶ ውስጥ እሳት እንዴት እንደሚሄድ ለማንም አስረጂ አያስፈልገውም።

ሌላው አገር ይህን ጥያቄ እንዴት መለሰው? ለንደንን እንይ። የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ የእንግሊዝ መኮንኖች በለንደን ክበብ በክበብ ነበሩ። ተራው ወታደርና መርከበኛ ግን ፈቃድ ወጥቶ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲወርድ የሚጠብቀው ርካሽና የቆሸሸ አልጋ ቤት፣ መጠጥ ቤትና ኪስ አውላቂ ነበር። አውቶቡስ ተራን የሚያውቅ ሰው ዋተርሉን ለማወቅ አይቸገርም። ኤቴል ማኮል የምትባል፣ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ያገለገለች ነርስ «ይህማ ነውር ነው» ብላ ተነሳች። ገንዘቡ በመዋጮ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1907 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዩኒየን ጃክ ክለብ የተባለውን ማረፊያ መርቀው ከፈቱት። ለመኮንን አልነበረም፤ ከመኮንን በታች ላለው ወታደር ነበር። የተሠራውም እዚያው ጣቢያው አጠገብ ነው። ዛሬም አለ። እኛ ዘንድ እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን የከፈቱትም በዚያው ሰሞን ነው። ጅምሩ ላይ እኩል ነበርን ማለት ነው።

አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ሆኖሉሉ ውስጥ፣ ዋይኪኪ የሚባለው ውድ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ሃሌ ኮአ የተባለ ሆቴል ለወታደሩና ለቤተሰቡ ከፈቱ። ትርጉሙ በሃዋይ ቋንቋ «የተዋጊ ቤት» ማለት ነው። ዋጋው በማዕረግ ነው፤ ማዕረጉ ዝቅ ያለ ዝቅ ያለ ዋጋ ይከፍላል። ጄኔራሉ ከአሥር አለቃው የበለጠ ይከፍልና ሁለቱም ያንኑ ባሕር ያያሉ። ሆቴሉ የሚተዳደረው ከግብር ከፋዩ በሚወጣ በጀት ሳይሆን ራሱ በሚያስገባው ገንዘብ ነው። ስለዚህ «በጀት የለም» የሚለው የተለመደው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

«መኮንኖች ክበብ» የሚለው ስም ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም። ክበቡ ይኑር፣ ይልማ። ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው የመኮንን ነው። «የአሥር አለቃ ቤተሰብ ማረፊያ» የሚል ታፔላ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ተሰቅሎ ብናይ ምን ይጎድልብናል?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ በሊዝ የሚሰጠው እሱ ነው። መርካቶ ውስጥ ከምድር እስከ ጣራ ሱቅ ብቻ የሆነ ሕንፃ ስንት ተሠራ! ከመናኸሪያው ብዙ ያልራቀ አንድ ቦታ ይሰጥ። አራትና አምስት ሰው የሚያስተኛ ክፍል ይሠራበት፤ ፎቅና ምድር ያለው የልጆች አልጋ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ሽሮ የሚሠራበት የጋራ ማድ ቤት ይኑረው። በሰዓት አይከራይ። ዋጋው በደመወዝ ልክ ይሁን። በወታደሩ ይጀመር፤ አገር «ሂድ» ስትለው የሚሄድ እሱ ነውና። ከዚያ ገጠር የሚያስተምረው መምህር ይጨመር፤ ጤና ኬላ የምታድረው ባለሙያ ትጨመር። ገቢው ራሱን ካልቻለ ያን ጊዜ ጠይቁኝ።

ወታደሩን በበዓል ቀን በሰልፍ እናጨበጭብለታለን፤ «መከታችን» እንለዋለን። ጭብጨባው ጥሩ ነው፤ ግን ልጅ ይዞ አይታደርበትም። ጠረፍ ላይ የሚያድር ሰው በዋና ከተማው ልጆቹን አቅፎ የሚተኛበት ክፍል በቀን ብርሃን፣ ስሙንና ማዕረጉን አስመዝግቦ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መያዝ አለበት። እስከዚያ ድረስ «አዲስ አበባ የሁላችንም ናት» የሚለውን ንግግር ቢያንስ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ቀስ ብለን እንናገረው፤ ልጆች ይሰማሉ።