«ምንም አልተገኘም» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ የጫጫ ሰው ኦንላይን ቅጽ ሲሞላ ወረዳውን ለመምረጥ «አንጐለላና ጠራ» ብሎ ይጽፋል እንበል። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው «አንጎለላ» ከሆነ ገጹ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል። ሁለቱም አጻጻፍ የተለመደ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጐ እና ጎ የተለያየ ኮድ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንደዚያው። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር ነው አይባልም!

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ከማጣራቱ በፊት ወደ አንድ የሚያመጣ ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት ነው። ለእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይህንኑ ሳይጠየቅ የሚያደርግ ባለሙያ፣ አማርኛ ላይ ሲደርስ «ተጠቃሚው ተሳስቶ ነው» ይላል። ኢንተርኔት ቤት ከፍሎ የሚያስሞላው ገበሬ ታዲያ የትኛውን ጎ ይምረጥ? ገጹን የተረከበው መሥሪያ ቤትስ ከመፈረሙ በፊት አንድ የወረዳ ስም ጽፎ ሞክሯል?