በዝናብ ወራት ቤት መቀየር፦ ዕቃው ቢርስ ኃላፊው ማን ነው?

በነታንያ፣ በአሽዶድና በአሽኬሎን ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። የኪራይ ውሉ በዚህ ጊዜ የሚያበቃበት ቤተሰብ ሰማዩ እስኪጠራ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ የዕቃ ማጓጓዣ (ሆቫላ) ድርጅት ሲመርጥ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዕቃው ቢርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ነው።

የ1967ቱ የጠባቂዎች ሕግ ለዚህ መልስ አለው። በክፍያ ዕቃ የተረከበ ወገን ለጥፋትና ለብልሽት ተጠያቂ ነው፤ ነፃ የሚሆነው አስቀድሞ ሊገምተው የማይጠበቅበት፣ ውጤቱንም ሊከላከለው የማይችለው ነገር ሲደርስ ብቻ ነው። በጥር ወር በባሕር ዳርቻ ከተማ የጣለን ዝናብ «ያልታሰበ ነው» ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ችግሩ ሕጉ ተዋዋዮች በሌላ መንገድ እንዲስማሙ መፍቀዱ ነው። በትእዛዝ ወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «በእርጥበት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ አይደለንም» የሚል ሐረግ ሊገባ ይችላል። በ1982ቱ የወጥ ውሎች ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ሐረግ ሊሰርዘው ቢችልም፣ ከመፈረም በፊት ማሰረዙ እጅግ ይቀላል። ዕብራይስጡ ከከበደዎት ልጅዎ ቢያነብልዎት ነውር የለውም።

በጽሑፍ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ሌሎች ነጥቦችም አሉ፦ መኪናው ዝግ መሆኑ፣ ፍራሹንና ሶፋውን በላስቲክ የሚጠቀልለው ማን እንደሆነ፣ እንዲሁም ነፋስ በርትቶ ማኖፉ ሥራ ቢያቆም የሁለተኛውን ቀን ወጪ የሚሸፍነው ወገን። ዋጋውም ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነውን ማዓም ያካተተ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በር ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ድርጅቱን በስልክ ወይም በኢንተርኔት ካዘዙ፣ ውሉ በተደረገ በ14 ቀናት ውስጥ፣ ከማጓጓዣው ቀን ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀናት አስቀድመው ሊሰርዙ ይችላሉ። የስረዛው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም።

ዕቃዎን ከመጫኑ በፊትና ከወረደ በኋላ ፎቶ ያንሡ፤ የራሰ ነገር ካዩ የርክክብ ወረቀቱን ከመፈረምዎ በፊት እዚያው ላይ ይጻፉት። ድርጅቱ ካሣ ለመክፈል እምቢ ካለ፣ ጉዳዩ ያለ ጠበቃ ለአነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።