ድምፅ ለወንዝ ልጅ?



አንድ ቅዳሜ ማታ በጸሎት ቡድናችን የቴሌግራም ገጽ ላይ መልእክት ተለጠፈ። በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ እስከ መጨረሻው ዙር የደረሰ የጎንደር ልጅ አለ፤ «የወንዛችን ልጅ ነውና ኮዱን በመልእክት ላኩለት» ይላል። እኔም አሥር ጊዜ ላክሁ። ልጁ አንድም ቀን ሲዘፍን ግን አልሰማሁትም ነበር። የተቀናቃኞቹንማ ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ልጁ ተሸነፈ። በማግስቱ ያው ቡድን «ዳኞቹ አድልተውበታል፣ በአገራችን ፍትሕ የለም» በሚል ቁጣ ተሞላ። እኔም ከቆጡት አንዱ ነበርሁ። ማታ ቃሉን ስከፍት ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛኝ አለ፦ ሳይሰማ አሥር ጊዜ የፈረደ ሰው ዳኛን አድልተሃል ለማለት ምን አፍ አለው?

«አማኝ በዘፈን ውድድር ምን አገባው?» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለ ዘፈኑ ሌላ ጊዜ እንነጋገር፤ ዛሬ የማነሣው ስለ ፍርዱ ነው። ደግሞም አናይም አንበል፣ እናያለን። ከኢትዮጵያን አይዶል እስከ ባላገሩ አይዶል፣ እስከ ፋና ላምሮት ድረስ ከቡና ጋር ያልተከራከርንበት የለም። የባላገሩን የመጀመሪያ ዙር ያሸነፈው ዳዊት ጽጌ የጎንደር ልጅ መሆኑን የማያወሳ የከተማችን ሰውም ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስትመዝን ነጋዴዋ ጣቷን ሚዛኑ ላይ ብታሳርፍ እንጮኻለን። አንድ ሰው ሂሳቡ እስኪያልቅ ደጋግሞ የሚልከው ድምፅስ ከዚያች ጣት በምን ይለያል? እዚያ ላይ የሚቆጠረው ጆሮ አይደለም፤ የካርድ ሂሳብና የዘመድ ብዛት ነው። ዘዳግም 25 በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝን ይከለክላል። እኛ ግን አንዱን ለራሳችን ልጅ፣ ሌላውን ለሰው ልጅ ይዘን እንዞራለን።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በፈረንጆች 2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሎምፒክ፣ በበረዶ ላይ የጥንድ ሸርተቴ ውድድር ወርቁ ለሩሲያውያኑ ተሰጠ። ከዚያ አንዲት ፈረንሳዊት ዳኛ ግፊት ተደርጎብኛል ማለቷ ተሰማና ዓለም ታወከ፤ በመጨረሻ ለካናዳውያኑም ወርቅ ተጨመረ። የቆየው የነጥብ አሰጣጥም በኋላ ተቀየረ። በ2010 በሆላንድ የተጀመረው ዘ ቮይስ ደግሞ ዳኞቹን ጀርባቸውን አዙረው እንዲያደምጡ አደረገ። ዓለም እንኳ ዓይን ጆሮን እንደሚያታልል ገብቶታል። ነቢዩ ሳሙኤልም በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመት አይቶ ሊሳሳት ነበር፤ ያቆመው እግዚአብሔር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ዘሌዋውያን 19፥15 ነው። ለባለጠጋ አታድላ ብቻ አይልም፤ በፍርድ ለድሃም እንዳናደላ ያዛል። ወላጆቹን ያጣ፣ በልመና ያደገ ተወዳዳሪ ታሪኩን ሲናገር ሙዚቃው ይለሰልሳል፣ ዳኛው ዕንባውን ይጠርጋል፣ ነጥቡም ከፍ ይላል። ርኅራኄ መልካም ነው፤ ለልጁ ልብስም ቤትም ስጡት። ነጥቡ ግን ከጎኑ የቆመው፣ ዕንባውን በቴሌቪዥን መሸጥ ያልፈለገው ወንድሙ ላይ የሚወሰድ ነው። በሌላው ሰው ኪስ ቸር መሆን ቸርነት አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመዘምራን ፈተና ከሚሰጡ ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ከዳባት በኩል የመጣች፣ በሰው ቤት እየሠራች የምትማር አንዲት እህት ዘመረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌያችን ልጅ ዘመረች፤ ከኪቦርዱ ጋር መስማማት አቅቷት ሁለት ጊዜ ጀመረች። የተመረጠችው የሽማግሌው ልጅ ናት። ለመጀመሪያይቱ «አዘማመርሽ የገጠር ነው፣ ለማይክ አይሆንም» አልናት። «እሺ ጋሼ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በጉባኤያችን አላየናትም። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው መቀመጫ፣ ለድሃው መቆሚያ የሚሰጥ ጉባኤን ሲገሥጽ እኔን በስሜ የጠራኝ ይመስለኛል። የቴሌቪዥኖቹ ዳኞች ቢያደሉ ሰው ሽልማት ያጣል። እኛ ስናደላ ሰው ቤተ ክርስቲያንን ያጣል።

«ታዲያ ምሕረት የት ገባች?» ትሉኝ ይሆናል። ምሕረት ነጥብ ማጭበርበር አይደለችም። እግዚአብሔር እኛን ሊያድን ሲል ኃጢአታችንን ጽድቅ ነው ብሎ አልፈረደም። ፍርዱን ቀና አድርጎ ፈረደ፤ ዕዳውን ደግሞ በልጁ በኢየሱስ በመስቀል ላይ ራሱ ከፈለ። ሮሜ 3 ጻድቅም አጽዳቂም የሚለው ለዚህ ነው። ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያለህ አንባቢ፣ የእኛን አድልዎ አይተህ ከእርሱ አትሽሽ። በእርሱ ፊት ኮድ የሚልክልህ ዘመድ አያስፈልግህም፤ የማን ልጅ ነህ ብሎም አይመልስህም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያልሰማነውን አንምረጥ። የሰማነውንም ከሌላው ጋር አመዛዝነን እንፍረድ፤ የወንዛችን ልጅ ሲበልጥ በደስታ፣ ሲበለጥ ደግሞ በእውነት። የመዘምራን ፈተና ስንሰጥ በመካከል መጋረጃ እንስቀል፤ የሚያስወጣን ጥቂት ሜትር ጨርቅ ነው። የበደልነውንም ፈልገን ይቅርታ እንጠይቅ። እኔ ያችን እህት መፈለግ ጀምሬአለሁ። ባገኛት የምላት «አንቺ በልጠሽ ነበር፤ ያጎደልነው እኛ ነን» ነው።

ጌታ ሆይ፣ ከረጢታችንን ፈትሽ፤ ሁለተኛውን ሚዛን አውጥተህ ጣልልን። አሜን።