ተወርዋሪ ኮከብና ጅራታም ኮከብ፦ ለመፍራት ወይስ ለማስተዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ምእመናን፥ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እሳት የሚመስል ነገር ሲያልፍ መታየቱን ታስታውሳላችሁ። ወቅቱ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድር ደጋግማ የምትንቀጠቀጥበት፥ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ይሰማ የነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ምስሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ፍርሃቱም አብሮ ተላለፈ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ስባሪ ወይም ከጠፈር የመጣ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ነበር፤ ነገር ግን «የመጨረሻው ቀን ምልክት ነው» የሚሉ ድምፆች ከማብራሪያው ይልቅ ፈጥነው ይሮጣሉ።

በዚህ ጽሑፍ ላስገነዝብ የምወደው አንድ ነገር ነው። ስለ ሰማይ ለወጣቱ የምንነግረው ነገር ከፍርሃት የተሻለ ሊሆን ይገባል። በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያለን የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይን ማስተማር እንችላለን።

አስቀድመን የምናየውን እንለይ። በልማድ «ተወርዋሪ ኮከብ» የምንለው ኮከብ አይደለም። ከዋክብት እንደ ፀሐይ ያሉ ግዙፋን ብርሃናት ናቸው። ሲወረወር የምናየው ግን ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ወይም ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ትቢያ ነው። ይህ ትቢያ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ ምድር አየር ሲገባ፥ ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግሎና አብርቶ ይጠፋል። ስለዚህ «ኮከብ ሲወረወር የአንድ ሰው ነፍስ ወጣች ማለት ነው» የሚለው የቆየ አባባል እውነትነት የለውም። የሰው ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት እንጂ በትቢያ አልታሰረችም።

ትቢያው ከወዴት መጣ? አብዛኛው ከጅራታም ኮከብ ነው። ጅራታም ኮከብም እንደ ስሙ ኮከብ ሳይሆን የበረዶ፥ የአፈርና የድንጋይ ድብልቅ ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንናል፤ ጋዙና ትቢያውም ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ተዘርግቶ ጅራት ይሆናል። አልፎ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ትቢያ ጥሎ ይሄዳል። ምድራችን በዓመታዊ ዙረቷ ያን መንገድ ስታቋርጥ ተወርዋሪዎቹ ይበዛሉ። በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚታዩትም ስለዚህ ነው።

የጅራታም ከዋክብት መነሻ ሁለት ነው። አንዱ ከኔፕቲዩን ወዲያ ያለው የካይፐር ቀበቶ ሲሆን፥ ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው 30 እስከ 50 እጥፍ ይርቃል። ሁለተኛው የኦርት ደመና ይባላል። ርቀቱ በሺዎችና በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው። ይህን ደመና በመሣሪያ በቀጥታ ያየው የለም። ያን ኦርት የተባለው የኔዘርላንድ ሊቅ በ1950 እ.ኤ.አ. የጅራታም ከዋክብትን መንገድ መርምሮ፥ ከመምጫቸው መነሻቸውን አመለከተ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ ሰማይ በዓይን የታየው ጅራታም ኮከብ ከዚያ ሩቅ ስፍራ የመጣ እንግዳ ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ ሩቅ አይደለም። ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይመለሳል። በ1902 ዓ.ም. በታየ ጊዜ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ፤ ሁለቱን አያይዞ «የንጉሡን ሞት ሊናገር መጣ» ማለት ለሰው ቀላል ነው። ነገር ግን ያው ኮከብ በ1978 ዓ.ም. ተመልሷል፤ በ2053 ዓ.ም. ደግሞ ይመለሳል። ንጉሥ ቢታመምም ባይታመምም መንገዱን አይለውጥም።

በአሜሪካ የሆነውም ለትምህርት ይጠቅመናል። በኅዳር ወር 1826 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ተወርዋሪዎች እንደ ዝናብ ስለ ወረዱ ብዙዎች «የዓለም ፍጻሜ ደረሰ» ብለው ተጨነቁ። በኋላ ሊቃውንቱ ሲመረምሩ፥ በ33 ዓመት ገደማ ፀሐይን የሚዞር አንድ ጅራታም ኮከብ የተወው ትቢያ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ተወርዋሪዎች ዛሬም በየዓመቱ በኅዳር 8 ገደማ፥ የአርባዕቱ እንስሳ በዓል በሚከበርበት ሰሞን ይታያሉ።

«ታዲያ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ስለ ከዋክብት መውደቅ የተናገረውስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያን ቃል እናምናለን፤ እርሱ በወደደ ጊዜ ይፈጸማል። ነገር ግን ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም እንደማያውቅ ያስተማረን በዚያው ምዕራፍ ነው። እንደ ክረምት ዝናብ በየዓመቱ በወቅቱ የሚመጣን ነገር የፍጻሜ ምልክት አድርጎ ማወጅ ቃሉን ማክበር አይደለም። ትንቢቱ ሳይፈጸም ሲቀር የሚነቀፈው ተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ ሰምቶ የደነገጠው ወጣት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላይ ያለው እምነት ይጎዳል። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 10 አሕዛብ በሰማይ ምልክት እንደሚፈሩ እኛ እንዳንፈራ አስጠንቅቆናል።

የሰብአ ሰገልን ኮከብም ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉ አሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ያ ኮከብ እንደ ተራ ከዋክብት እንዳልነበረ ያስረዳል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ መርቷልና፥ ተሰውሮ ተገልጧልና፥ ሕፃኑ ባለበት ላይ ዝቅ ብሎ ቆሟልና። ተአምሩን ተአምር፥ ተፈጥሮውን ተፈጥሮ ማለት ሁለቱንም ማክበር ነው።

ሌላም ስጋት አለ፤ «ሰማይን መመርመር ወደ ኮከብ ቆጠራ አይወስድምን?» የሚል። ኮከብ ቆጠራ የሰውን ዕድል ከፍጡር መጠየቅ ነው፤ ይህን ቤተ ክርስቲያን ታወግዛለች። የብርሃናትን ዑደት ማወቅ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ ቀምረው፥ የ19፥ የ76 እና የ532 ዓመት አዕዋዳትን ለይተው አጽዋማትንና በዓላትን አስረክበውናል። ሙሉው በግእዝ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ብርሃናት መውጫና መግቢያ ሰፊ ክፍል አለው። የዚህ ርስት ወራሾች ሰማይ ባበራ ቁጥር ልንደነግጥ አይገባንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በነሐሴ 6 ገደማ፥ በጾመ ፍልሰታ፥ ብዙ ተወርዋሪዎች ቢኖሩም የክረምቱ ደመና ይጋርደናል። ለእኛ የሚመቸው በጾመ ነቢያት የሚውለው ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ያለው ሌሊት ነው። የዚህ ሌሊት ትቢያ ለየት ይላል፤ በ1983 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፋኤቶን የተባለ ዐለታማ አካል የተወው ነውና። ብዛቱ ከፍ የሚለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ በጨለማ ስፍራ በሰዓት ከብዙ አሥር በላይ ይታያል። ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ግን ይቀንሳል።

መነጽርም ሆነ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፥ ከካህናትና ከወላጆች ጋር፥ ጋቢ ደርቦ፥ ስልክን አጥፍቶ፥ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይበቃል። ሱሉልታ የምትኖሩ፥ የእንጦጦ ተራራ የአዲስ አበባን መብራት በደቡብ በኩል ይከልልላችኋል፤ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። በዚያው ተራራ ላይ ሀገራችን ባለ 1 ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እንዳላትም ለልጆች ንገሯቸው። የቡራዩና የሰበታ ልጆች ደግሞ ለከተማው መብራት ጀርባችሁን ስጡ። መምህሩ ትቢያው ከወዴት እንደ መጣ ያስረዳ፤ ከዚያም ዳዊት ይደገም፤ ጸሎት ይድረስ። ያን ሌሊት ያየ ልጅ፥ ነገ በስልኩ የእሳት ምስል ሲደርሰው ከመደንገጡ በፊት ይጠይቃል።

ውድ አንባብያን፥ እግዚአብሔርን መፍራት የጥበብ መጀመሪያ ነው፤ የፈጠረውን ፍጥረት መፍራት ግን ጥበብ አይደለም። ንስሐ ለመግባት ከሰማይ እሳት መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ዛሬ ቀኑ ነው። ሰማዩ ሲያበራ ቀና ብለን እናመስግን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር