የአንድ ቤት ልጆች በአንድ መደብ

አጥር ሥር የበቀለው እምቧይ ጓሮ ውስጥ ላሉት ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የሥጋ ዘመድ ነው። ግዛዋና አጤ ፋሪስም ከዚያው ቤት ናቸው። የድንችን አበባ ከእምቧይ አበባ ጋር አስተያይቶ ያየ ሰው ዝምድናውን አይስተውም። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። እምቧይና ግዛዋ ግን ቀድመውት እዚሁ ነበሩ።

ብዙ ባለጓሮ ይህን ዝምድና ሳያውቅ ይለፋል። ድንች በወጣበት መደብ ቲማቲም ይተክላል፣ ቀጥሎ ቃሪያ። ሰብል ያፈራረቀ ይመስለዋል፤ ቤተሰቡን ግን አልቀየረም።

በሽታው ደግሞ ቤተሰብ ያውቃል። በደጋው ክረምት፣ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ፣ ምች የሚባለው በሽታ የድንቹንም የቲማቲሙንም ቅጠል በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። ከእ.ኤ.አ. 1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለጨረሰው ረሃብ መነሻ የሆነው ይኸው ምች ነው። ውኃ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ፣ ያውም በጠዋት ይፍሰስ የሚባለው ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ እንዳይቆይ ነው።

ከምች ይልቅ የሚያስፈራው አጠውልግ ነው። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ውኃ ቢያጠጡትም አይነሳም። ያኔ ግንዱን ከሥሩ ጠጋ ብሎ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከፈሰሰ ባክቴሪያው ገብቷል። የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ይቆያል፣ በእምቧይና በአጤ ፋሪስ ላይም ይጠለላል። ስለዚህ የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ከጓሮ ይወጣል እንጂ ብስባሽ ውስጥ አይጣልም፤ የአጥሩም አረም አብሮ ይነቀላል።

የከተማ ግብርና እየተስፋፋ ነው፤ ደስ ያሰኛል። ግን የቲማቲም ችግኝ የሚያድልም የሚሸጥም አካል አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ማስረከብ የለበትም፦ «ይህ መሬት ባለፉት ሦስት ዓመታት ድንች፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ደበርጃን ነበረበት?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ለዚያ መደብ ጎመን፣ ሽንኩርት ወይም ፎሶሊያ ይሰጠው። ቦታ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ቲማቲሙን ከሌላ ስፍራ በመጣ ንጹሕ አፈር በተሞላ ጆንያ ወይም አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ይትከል፤ ውኃው እንዲወርድ ግን ታቹ ይበሳ።