ክልከላው ሲላላ የቀበሌው ሥራ ይከብዳል

ወረርሽኝ ሲገባ ሁሉም ይሰማል። አዋጅ ይነገራል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ተሽከርካሪ በየኬላው ይፈተሻል። ክልከላው ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ከሰው ጆሮ የሚደርሰው «ተፈቀደ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው። የተፈቀደው ምን እንደ ሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተፈቀደ፣ ገና ያልተፈቀደውስ የትኛው እንደ ሆነ ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ያለበት ለሕዝቡ ቅርብ የሆነው አካል ነው። ይኸውም በከተማ ወረዳው፣ በገጠር ደግሞ የገበሬ ማኅበሩና ቀበሌው ነው። አገራችን የኮሮና ወረርሽኝን ባሳለፈችባቸው ዓመታት ከፍተኛው ጉዳት የደረሰው ክልከላው በጠነከረበት ጊዜ ሳይሆን ከላላ በኋላ ነበር። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባው ቁም ነገርም ይህ ነው።

የጊዜውን ቅደም ተከተል መለስ ብሎ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከ3 ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለ5 ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ከሚይዘው በግማሽ ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተደነገገ። በዚያን ዕለት በምርመራ የተረጋገጡት ሕመምተኞች ቁጥር በመላ አገሪቱ ገና 60 አልሞላም ነበር።

አዋጁ 5 ወሩን ጨርሶ በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. ሲያበቃ አልታደሰም። በዚያን ጊዜ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ቁጥር ከ50 ሺህ አልፎ ነበር፤ የሞቱት ግን 1 ሺህ አልሞሉም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አዋጁን የሚተካ መመሪያ አወጡ። መመሪያው ሥራና ኑሮ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ይሁንና ከቤት ውጭ ጭምብል ማድረግን፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል መራራቅንና አለመጨባበጥን ግዴታ አደረገ። ስብሰባ ከ50 ሰው እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅበት ወሰነ። ነገሩ ከ«አይቻልም» ወደ «እንዲህ ከሆነ ይቻላል» ተሸጋገረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚነገርበት ጊዜ መጣ። በሚያዝያ መጨረሻ የሟቾች ቁጥር ከ3 ሺህ 500 በላይ ሆነ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲገባ በቀን የሚገኘው ሕመምተኛ ከ4 ሺህ ያለፈበት ዕለት ነበር። በጠቅላላው በአገራችን በበሽታው መሞታቸው የተመዘገበው ሰዎች ከ7 ሺህ 500 በላይ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመረመረው ሰው ጥቂት መሆኑ የቀደመውን ቁጥር እንዳሳነሰው ግልጽ ነው። ቢሆንም የሞቱት ሰዎች ቁጥር የሚያሳየው አቅጣጫ አያሻማም። የላላው ሕጉ እንጂ በሽታው አልነበረም።

በዚህ ረገድ የተክለ ሃይማኖት አካባቢን መመልከት ለገጠሩ መሪ ይጠቅማል። ተክለ ሃይማኖት በልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከመርካቶ አጠገብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ጎጃም በረንዳ፣ እህል በረንዳና አውቶቡስ ተራ ከዚያ ሩቅ አይደሉም። ከገጠር የተጫነው ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ የሚራገፈው፣ ልጁን ለመጠየቅም ሆነ ለሕክምና የመጣው አርሶ አደር ከአውቶቡስ የሚወርደው በዚሁ ዙሪያ ነው። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቫይረሱ ጎልቶ ከታየባቸው ክፍለ ከተሞች መካከል ልደታና አዲስ ከተማ ይገኙበታል። ምክንያቱም ስውር አይደለም፤ ቤቱ የተጠጋጋ፣ ገበያው የሚጋፋ፣ መንገደኛው ብዙ ነው። እንግዲህ በተክለ ሃይማኖት ለነዋሪው የሚነገረው መመሪያ በዚያ ብቻ አይቀርም። እህል አራግፎ የሚመለሰው መኪና ሰውም ይዞ ይመለሳል፤ ሰውየውም የያዘው ወሬ ትክክል ይሁን የተሳሳተ በቀጥታ ቀበሌው ድረስ ያደርሰዋል።

የገበያን ነገር ካነሣን የአትክልት ተራ ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ወረርሽኙ እንደ ገባ በፒያሳ የነበረው የአትክልት ገበያ ግፊያውን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጥር 2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ደግሞ ጃን ሜዳ ተለቅቆ ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው አርሶ አደር በአንድ ዓመት ውስጥ የማራገፊያው ቦታ ሁለት ጊዜ ተለወጠበት ማለት ነው። ለውጡ ለከተማው ጤና አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ውሳኔ አስቀድሞ ለአምራቹ ካልተነገረ በደላላ እጅ ይወድቃል፤ በቶሎ የሚበላሸው ምርቱም በመንገድ ላይ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ በከተማ ክልከላ ሲጣልም ሆነ ሲላላ፣ ገበያው የት እንዳለና በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠይቆ ለአባላቱ ማስታወቅ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኃላፊዎች ሥራ ነው።

ወደ ገጠሩ ስንመለስ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መመሪያዎቹ ሲጻፉ በአመዛኙ የታሰበው ስለ ቢሮ፣ ስለ ሆቴልና ስለ ታክሲ ነው። አርሶ አደሩን የሚያሰባስቡት ግን ደቦና ወንፈል፣ የማዳበሪያ እደላ፣ የገበያ ቀን፣ ሰንበቴና ማኅበር፣ ሠርግና ለቅሶ ናቸው። «ከ50 ሰው አይበልጥም» የሚለው ቃል በአጨዳ ጊዜ ምን ማለት ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ካልተገኘ ነዋሪው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሥራውን ትቶ ይጎዳል፣ ወይ መመሪያውን ከነጭራሹ ይተወዋል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። መመሪያው በወጣ በማግስቱ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ የበረሃ አንበጣ በወሎ ቆላማ አካባቢዎች የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። አንበጣውን ለማባረርና የደረሰውን ሰብል ፈጥኖ ለመሰብሰብ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ሳይቀር ወጣ። በዚያን ሰዓት «አትሰብሰቡ» ማለት ዓመቱን ሙሉ ተርቡ ማለት ነበር። በአንጻሩ ሰውን በየማሳው በጥቂት በጥቂቱ ማሠማራት፣ አዛውንቱንና ሕመምተኛውን ከግርግሩ ማስቀረት፣ በአንድ ጣሳ መጠጣትን ማስቀረት በማንኛውም ቀበሌ ሊደረግ የሚችል ነው። መመሪያን ከኑሮ ጋር ማስማማት ማለት ይህ ነው፤ ይህንንም ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊያደርገው የሚችል የለም።

ለገጠሩ የተሰጠው ቅድሚያም አለ። ትምህርት ቤቶች በ3 ዙር እንዲከፈቱ በወጣው እቅድ መሠረት የገጠሮቹ ጥቅምት 9፣ የዞንና የክልል ከተሞቹ ጥቅምት 16፣ የአዲስ አበባ ደግሞ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተራ ተያዘላቸው። ገጠሩ አስቀድሞ የታሰበው በሽታው በዚያ ያን ያህል ስላልተስፋፋ ነው። እንዲህ ያለው ቅድሚያ ግን ዕዳም አለበት። በሽታው ያልደረሰበት ቀበሌ እንደ ተማረ ሳይሆን እንዳልተፈተነ መቆጠር አለበት። ክልከላው ሲነሣ መኪናና መንገደኛ እንደ ልብ መመላለስ ይጀምራል፤ ፈተናውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

መመሪያ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚቀር ለማየት ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የሆነውን እናስታውስ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ የቀረው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የሚደረገው «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በዚያን ዕለት ሰፈሩ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ተሰብስቦ ይቃጠላል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሕዝቡ ምክንያቱን ተረድቶ የራሱ ያደረገው ሥርዓት ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ ዕድሜ አለው። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ከተረሳ ግን የሚቀረው ጢሱ ብቻ ነው። ዛሬ ፕላስቲክ ጨምሮ ማቃጠል ራሱ ለሳንባ ጠንቅ ሆኗል። የሚጠቅመው ጽዳቱ ነው። የኮሮናውም ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ጭምብሉ ቢቀር እንኳ እጅ መታጠቡ፣ የታመመ ሰው ከገበያ መቅረቱ፣ አዛውንትን መጠበቁ ከሕዝቡ ጋር ሊቀር ይገባል።

ዛሬ የኮሮናው ክልከላ በሥራ ላይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ መሆኑ ማብቃቱን አስታውቋል። ነገር ግን ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ታውጇል። በዚህ በሽታ የወረርሽኙ ማብቂያ የሚታወጀው የመጨረሻው ሕመምተኛ ከበሽታው ነጻ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ ወይም ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን ሲሞላ ነው። ቫይረሱ በሰው ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ 21 ቀን በመሆኑ እጥፉ ተወስዷል። ይህ አሠራር ለቀበሌ መሪ ትልቅ ቁም ነገር ያስጨብጣል። አዲስ ሕመምተኛ ጠፋ ማለትና በሽታው ጠፋ ማለት አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው በትዕግሥት የሚቆጠር ቀን አለ።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች ክልከላ በሚላላበት ጊዜ ምን ማድረግ ይጠበቅባቸዋል?

በመጀመሪያ፣ ወሬው ሳይሆን መመሪያው ራሱ መያዝ አለበት። ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የወጣውን ጽሑፍ ማስመጣት፣ የጸናበትን ቀን መመልከት፣ ያልገባውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከከተማ የተመለሰ ሰው «እዚያ ሁሉም ተትቷል» ስላለ ብቻ ሥርዓት አይፈርስም።

ሁለተኛ፣ መመሪያው ወደ ቀበሌው ኑሮ መተርጎም አለበት። የገበያው ቀን እንዴት ይዋል? የማዳበሪያ እደላው በየጎጡ ተራ ይያዝለት ወይ? የደቦው ብዛት ስንት ይሁን? ለቅሶ የሚደረሰው በምን ሁኔታ ነው? ይህን የቀበሌው አመራር ለብቻው የሚወስነው አይደለም። የእድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች አብረው ሊመክሩበት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ምእመናን በየቤታቸው እንዲያከብሩ፣ በረመዳንም ሙስሊሞች በየቤታቸው እንዲሰግዱ የጠየቁት የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። ሕዝቡ የሚያከብራቸው አባቶች የሚናገሩት ቃል ከዘበኛ ዱላ ይልቅ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማገዝ ነው። ቤት ለቤት የሚሄዱት፣ ማን እንደ ታመመና ማን ከሩቅ እንደ መጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ክልከላ ሲላላ ስብሰባው ስለሚቀንስ ሥራቸው የቀለለ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የመጀመሪያውን አዲስ ሕመምተኛ የሚያገኘው የእነርሱ ዓይን ነው። ክትባቱም የተዳረሰው በእነዚህ ሠራተኞች ትከሻ ጭምር ነው። የኮሮና ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ ነበር፤ ማለትም ክልከላው ከላላ ከ6 ወር በኋላ። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሸፈነው የሕዝቡ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ማን ይበልጥ እንደሚጎዳ ማወቅ ነው። በኮሮና በብዛት የሞቱት አዛውንትና የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ገደቡ ለሁሉም እኩል ቢነሣም አደጋው ለሁሉም እኩል አይነሣም። የእነዚህን ሰዎች ቤት ለይቶ ማወቅ፣ መድኃኒታቸውና እህላቸው ከቤታቸው እንዲደርስ ማድረግ ለአንድ ቀበሌ ከአቅም በላይ አይደለም።

በመጨረሻም፣ የተደረገው ነገር በመዝገብ ይቀመጥ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የትኛው ቀበሌ ገበያውን እንዴት እንዳዋለ፣ ለቅሶውን እንዴት እንዳሳጠረ፣ ምን እንደ ሠመረለትና ምን እንዳልሠመረለት የሚያውቁት በጊዜው የነበሩት መሪዎች ናቸው። አመራር ይለዋወጣል፤ ያልተጻፈ ልምድም ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ዛሬ ጸጥ ባለው ጊዜ በአንድ ስብሰባ ተጠይቆ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍረው ነገር ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ለቀበሌው የመጀመሪያው መመሪያ ይሆናል። የኬላው ገመድ ሲፈታ ከቀበሌው ሕዝብ ጋር የሚቀረው የመሪው ምክር ነው፤ ምክሩም ከወዲሁ መሰናዳት ይኖርበታል።