ቤታቸውን የከፈቱ

ባለፈው ወር እትዬን ቀበርን። የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ አባትና እናታቸው፣ የተወለዱበት አገር፣ ጋብቻቸው፣ 5 ልጆች፣ 11 የልጅ ልጆች። መጨረሻ ላይ አንባቢው «በደርግ ዘመን ቤታቸውን ለወንጌል የከፈቱ፣ ደግና እንግዳ ተቀባይ እናት ነበሩ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

ቤታቸውን የከፈቱ! ይህችን ሐረግ በየቀብሩ ስሰማት ኖሬአለሁ፤ የምትነገረው ደግሞ ለሴት ነው። ወንድ ሲሆን «በስደቱ ዘመን ምእመናንን ያስተማረ» ይባላል። ሴቷ ግን በር ከፍታ፣ ቡና አፍልታ ወደ ጓዳ የተመለሰች ትመስላለች። ታዲያ እትዬ ቤት እንሰበሰብ የነበርነውን እኛን ማን አስተማረን? ሳሎኑ?

መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ደርግ በ1983 ወድቆ በአደባባይ ስትሰበሰብ ከ30 ሺህ በላይ ሆነዋል። አዳራሹ ተወርሶ፣ መሪዎቹ ታስረው፣ ሰው የበዛው በየሰፈሩ ጥቂት ጥቂት ሆኖ በሚገናኝ ቡድን ነው፤ ቡድኖቹን ከያዙት መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩ። የእኛ ቤተ እምነት ሌላ ነው፤ ታሪኩ ግን ያው።

እትዬ ረከቦቱን የሚያቀርቡት ለእንግድነት አልነበረም። የቀበሌ ጥበቃ ድንገት ቢገባ «ቡና እየጠጣን ነው» ለማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው በ«ሠርቶ አደር» ጋዜጣ ተለብጦ ከስኒዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። ምንባቡ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለቻቸው፦ «ይሄ ቁጥር ያላለው ምንድነው?» የሰማነውን ስብከት ሁሉ ጥቅሱ ላይ ስንጭን አንድ በአንድ ያወርዱልናል። አንድ ቀን ጸሎቴን ሳረዝመው ጠብቀው «ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለእኛ የምትነግረው?» አሉኝ። የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሳስታውሰው ፊቴ ዛሬም ይግላል። እንግዳ ተቀባይ እንግዳውን እንዲህ አይናገርም።

«ትሑት ነበሩ፣ ሙገሳ አይወዱም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይወዱም ነበር። ታዲያ ደግነታቸውን ስናወድስ ማን ከለከለን? ትሕትናቸው ትዝ የሚለን ማስተማራቸው ሲነሳ ብቻ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን፣ ያን አንደበተ ርቱዕ ሰው፣ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብራርተው ያስረዱታል። ሉቃስ የጻፈው ያስረዱትን እንጂ ያቀረቡለትን ምሳ አይደለም።

በአንባቢው መፍረድ ግን አልችልም፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ሌሊቱን ደውሎ «አንድ ገጽ፣ ለጠዋት» ሲለኝ እጄ የለመደውን ጻፈ። 40 ዓመት ሙሉ «ያላለው ምንድነው?» የተባልኩ ሰው፣ የራሴ ወረቀት ያላለውን የሰማሁት ሲነበብ ነው።

በሳምንቱ የመቃብሩ ድንጋይ ጽሑፍ ተልኮልኝ «ውድ እናታችን» ከሚለው በታች «መምህርታችን» የሚል ጨመርኩበት። የመጀመሪያ ልጃቸው ደወለልኝ፦

«ጋሼ፣ እማዬ የት ትምህርት ቤት ነው ያስተማረችው?»